ላም አለኝ በሰማይ፦ የተባረረ የቅኝ ግዛት ፖሊስና የቀረበት ጡረታ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ከፖሊስ ሥራ ተባርረው ጡረታቸውን ስላጡ መኮንኖች የሚጠይቁ ናቸው። ተቀራራቢዎቹን አጣምረን መልሰናል። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ አንድ የፖሊስ መኮንን ሃያ ዓመት አገልግሎ በጥፋት ቢባረር፣ ከደመወዙ ሲቆረጥ የኖረውን የጡረታ ገንዘብ መንግሥት በምን ሕግ ይወስድበታል? የገዛ ገንዘቡን ፍርድ ቤት ገትሮ መጠየቅ አይችልም ነበር?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ሲቆረጥ የኖረውን» በሚለው ላይ ነው። የቋሚ መኮንኖች ጡረታ በመዋጮ የሚቆም አልነበረም፤ ከቅኝ ግዛቱ ዓመታዊ ገቢ በቀጥታ የሚከፈል ነበር። ከደመወዝ ይቆረጥ የነበረው ለባልቴቶችና ለሙት ልጆች ለተቋቋመው የተለየ ሒሳብ ነው። ስለዚህ መኮንኑ «ያጠራቀምሁትን መልሱልኝ» የሚለው ነገር በእጁ አልነበረም።

የባሰው ደግሞ የሕጉ አነጋገር ነው። የጡረታ አዋጆቹ ከአንዱ ቅኝ ግዛት ወደ ሌላው እየተገለበጡ የወጡ ስለነበሩ ዋና ዋና አንቀጾቻቸው ይመሳሰላሉ። ማንኛውም ሠራተኛ ላለፈ አገልግሎቱ ካሣም፣ ጡረታም፣ ዳረጎትም (በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ገንዘብ) የማግኘት ፍጹም መብት እንደሌለው ይደነግጋሉ። ዘውዱ፣ ማለትም የእንግሊዝ መንግሥት፣ ማንንም በማንኛውም ጊዜ ያለ ካሣ የማሰናበት ሥልጣኑ በአዋጁ እንደማይነካም ይጨምራሉ። ቀጥሎ፣ ሠራተኛው ቸልተኛ መሆኑን ወይም ጥፋት መፈጸሙን አገረ ገዥው ካመነበት ጡረታውን ሊቀንስ ወይም ጨርሶ ሊከለክል ይችላል የሚል አንቀጽ ይመጣል። ጡረታው በወረቀት ላይ አለ፤ ሰጪው ግን ካልፈለገ አይሰጥም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

ፍርድ ቤቶቹም ለረጅም ጊዜ ከመንግሥት ጎን ቆመዋል። በ1895 ከምዕራብ አውስትራሊያ በመጣው የሼንተንና የስሚዝ ክርክር፣ በለንደን የሚያስችለው፣ የቅኝ ግዛቶች የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ የነበረው ፕሪቪ ካውንስል የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው የሚቆየው ዘውዱ ደስ እስካለው ድረስ ነው ብሏል፤ ከዚህ የሚወጣው በሕግ የተለየ ነገር ሲደነገግ ብቻ ነው። በዚያው ሰሞን በኒጀር ጥበቃ ግዛት (በዛሬዋ ናይጄሪያ) ለሦስት ዓመት ተቀጠርሁ ያለ ደን የተባለ የቆንስላ ወኪል ጊዜው ሳይሞላ ተሰናብቶ ቢከስስ፣ የተወሰነ የውል ዘመን እንኳን ዘውዱን አያስርም ተብሎ ተረታ። በሕንድ ደግሞ በ1871 የወጣው የጡረታ ሕግ ጭራሹን በሩን ዘጋው፤ አንቀጽ 4 መንግሥት ስለሰጠው ጡረታ የሚቀርብን ክስ የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤቶች እንዳይቀበሉ ከለከለ። አቤት ባይ መሄድ የነበረበት ወደ አውራጃው አስተዳዳሪ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ማየት የሚችለው ያው አስተዳዳሪ የፈቃድ ወረቀት ሲጽፍለት ነው።

እንግዲህ ጡረታን መክሰስ መውጫ የሌለው መንገድ ነበር። ያሸነፉት ሁሉ ያሸነፉት በሌላ መንገድ ነው፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው ጡረታውን ትተው ስንብቱን ያዙ። ማን ፈረመው? ፈራሚው ሥልጣን ነበረው? በተፈረመበት ቀን ሰውየው ገና በሥራ ላይ ነበር? ክሱን አይቶታል? ከእነዚህ በአንዱ ስንብቱ ከፈረሰ ሰውየው እንዳልተባረረ ስለሚቆጠር ጡረታ የሚከለከልበት ምክንያት አብሮ ይፈርሳል።

ጥያቄ፦ የሚያጣው ገንዘብ ስንት ይሆናል? በቁጥር ብታሳዩን።

መልስ፦ በብዙ ቅኝ ግዛቶች የሚሠራበት ስሌት ለእያንዳንዱ ሙሉ የአገልግሎት ወር የመጨረሻው ዓመታዊ ደመወዝ 1/600 ነው። በዓመት 600 ፓውንድ ደመወዝ ያለው፣ 20 ዓመት ያገለገለ መኮንን እንውሰድ። 20 ዓመት 240 ወር ነው፤ 240 ለ600 ሲካፈል 0.4፣ በ600 ፓውንድ ሲባዛ በዓመት 240 ፓውንድ ይሆናል። ጣሪያው የደመወዙ ሁለት ሦስተኛ ስለሆነ ይህ ሰው ምንም ቢያገለግል ከ400 ፓውንድ አያልፍም፤ እዚያ ለመድረስም 400 ወር፣ ማለትም 33 ዓመት ከ4 ወር ያስፈልገዋል። 1/480 የሚያሰሉም ቅኝ ግዛቶች ነበሩ። በዚያ ስሌት ያው 20 ዓመት 300 ፓውንድ ያስገኛል፤ ስለዚህ አንድን ፋይል ስታነቡ መጀመሪያ የዚያን አገር አዋጅ ተመልከቱ።

መኮንኑ ከፈለገ የጡረታውን ሦስት አራተኛ ብቻ ይዞ የቀረውን አንድ አራተኛ በአንድ ጊዜ ጠቅልሎ ሊወስድ ይችላል። በኋለኞቹ አዋጆች ማባዣው 12.5 ነው። በምሳሌያችን በዓመት 180 ፓውንድ ጡረታና በአንድ ጊዜ 750 ፓውንድ ዳረጎት ያገኛል፤ 60 በ12.5 ሲባዛ ማለት ነው። ከቀደሙት አዋጆች መካከል ማባዣቸው 10 የሆነ ስላለ 600 ፓውንድ ብታገኙ የሒሳብ ስህተት አይምሰላችሁ።

አሥር ዓመት ያልሞላው ጡረታ የለውም፤ የሚያገኘው ዳረጎት ብቻ ነው። ስሌቱ የሚያርፈው ለጡረታ በሚታሰበው ደመወዝ ላይ እንጂ በኪስ በገባው ሁሉ ላይ አይደለም። ብዙ አበሎች ከስሌቱ ውጭ ናቸው። በአቤቱታዎች ውስጥ «ይህን ያህል ሺህ ፓውንድ ተነጠቅሁ» የሚሉ ድምሮች ሲጋነኑ የሚታዩትም አንድም አበሉ አብሮ ስለሚደመር ነው።

ጥያቄ፦ በዚያ ዘመን ስለተባረረ አንድ መኮንን የሬዲዮ ድራማ እየጻፍሁ ነው። ከክሱ እስከ ለንደን ያለውን ሂደት በቅደም ተከተል ብትነግሩኝ፣ ባለታሪኩ የት ላይ ሊሰናከል እንደሚችልም ብትጠቁሙኝ።

መልስ፦ መጀመሪያ የባለታሪክዎን ማዕረግ ይቁረጡ፤ መንገዱ በማዕረግ ይለያያል። ኮንስታብልና ሳጅን የሚዳኙት በፖሊስ አዋጁ ነው፤ ክሱን የሚሰማው የበላይ መኮንን፣ የሚያሰናብተው በአብዛኛው ኮሚሽነሩ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ከዚህ በታች የምንለው በአገረ ገዥው ወይም በቅኝ ግዛቶች ሚኒስትር ሥልጣን ለተሾሙ መኮንኖች ነው።

የሚጀምረው በእገዳ ነው። የታገደ መኮንን ከደመወዙ ከግማሽ የማያንስ፣ አገረ ገዥው የወሰነለትን ያህል ይከፈለዋል፤ ያለ ፈቃድም ከቅኝ ግዛቱ መውጣት አይችልም። ነፃ ከተባለ የተያዘበት ግማሽ ይመለስለታል። ቀጥሎ ክሱ በጽሑፍ ይደርሰዋል፤ ራሱን የሚከላከልበት መልስ እስከ ተወሰነ ቀን በጽሑፍ እንዲሰጥ ይጠየቃል። መልሱ ካላጠገበ መርማሪ ኮሚቴ ይሰየማል። ምስክር ሲሰማ መኮንኑ ተገኝቶ መስቀለኛ ጥያቄ ማቅረብ ይችላል፤ የሚቀርብበትን ሰነድም አስቀድሞ ማየት አለበት። የኮሚቴው ሪፖርት ወደ አገረ ገዥው ይሄዳል፤ አገረ ገዥው ከአስፈጻሚ ምክር ቤቱ ጋር ያየዋል። ከፍ ላለ ሹመት የለንደን ማጽደቂያ ይጠበቃል።

ለድራማዎ የሚጠቅሙ ሦስት ወጥመዶች እነሆ። አንደኛው ፍርድ ቤት ነፃ ማውጣቱ ነው። በወንጀል ተከስሶ ነፃ የወጣ መኮንን በዚያው ክስ እንደገና ሊባረር አይችልም፤ ነገር ግን ከዚያው ድርጊት በሚወጣ ሌላ ጥፋት፣ ለምሳሌ መዝገብ ባለመያዝ ወይም ትእዛዝ ባለማክበር፣ ሊባረር ይችላል። ሰውየው ድግስ ደግሶ ሳለ ሁለተኛው ወረቀት ሊደርሰው ይችላል።

ሁለተኛው የራሱ ብዕር ነው። ክብሩን ለማዳን ብሎ ማመልከቻ ጽፎ ሥራውን የለቀቀ ሰው ጡረታውን በገዛ እጁ ይተዋል፤ በፈቃድ መልቀቅ አገልግሎትን ያስቀራልና። መምረጥ የነበረበት ከመባረርና ከመልቀቅ ሌላ ያለውን፣ «ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ጡረታ ውጣ» የሚባለውን ሦስተኛውን መንገድ ነው፤ እንዲህ የወጣ ሰው ጡረታው ሙሉ ባይሆን እንኳ ተቀንሶ ሊሰጠው ይችላል። አለቆች በጓዳ «ዝም ብለህ ልቀቅ፣ ነገሩ ይድበሰበሳል» ሲሉ ለሰውየው አዝነው ይሁን ለበጀቱ፣ ያንን ለእርስዎ ብዕር እንተወዋለን።

ሦስተኛው የአቤቱታው አላላክ ነው። ማንኛውም ሰው ለቅኝ ግዛቶች ሚኒስትር የመጻፍ መብት ነበረው፤ ደብዳቤው ግን ሳይታሸግ፣ በሦስት ቅጂ፣ በአገረ ገዥው በኩል ማለፍ ነበረበት። ከሳሹ ያለበት መሥሪያ ቤት አቤቱታውን አንብቦ አስተያየቱን አያይዞ ይልከዋል ማለት ነው። በቀጥታ ለንደን በፖስታ የላከ ሰው «በአገረ ገዥህ በኩል አምጣ» የሚል መልስ ይደርሰዋል፤ ወራትም ይባክናሉ።

ይዘቱ ላይ የሚታየው ስህተት ደግሞ የአቤቱታ ጸሐፊዎች የቆየ በሽታ ነው። ስለ ረጅም አገልግሎት፣ ስለ ኒሻን፣ ስለ ታመመች ሚስትና ትምህርት ቤት ስላሉ ልጆች አሥር ገጽ ይሞላል፤ የመርማሪው ሪፖርት ሳይታይ መቅረቱ በአሥራ አንደኛው ገጽ በአንድ መስመር ይጠቀሳል። ለንደን ያለው ጸሐፊ ማዘን ሥራው አይደለም። የሚፈልገው አገረ ገዥው ደንቡን የጣሰበትን ቦታ ነው። ያንን ካላገኘ ውሳኔው የሚለወጥበት ምክንያት አልታየም ብሎ ይዘጋዋል። የባለታሪክዎ አቤቱታ ይሳካ ካሉ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ቀንና ፊርማ ያስቁጥሩት።

ጥያቄ፦ በዚህ ዓይነት ክርክር መንግሥትን የረታ ፖሊስ አለ?

መልስ፦ አለ፤ ሁለቱ በተለይ ሊታወቁ ይገባል።

የመጀመሪያው በሕንድ የማድራስ ግዛት ንዑስ ኢንስፔክተር የነበረው የራንጋቻሪ ጉዳይ ነው። ሰውየው በሕመም ምክንያት ጡረታ ወጥቶ ነበር። ከወራት በኋላ ጉዳዩ እንደገና ተከፍቶ ከሥራ እንዲወገድ ታዘዘ፤ የተወገደ ሰው ደግሞ ጡረታ የለውም። ነገሩ ፕሪቪ ካውንስል ደርሶ በ1937 በሕግ መዝገብ በታተመው ፍርድ፣ በሚገባ ከሥራ ከወጣ ወራት ያለፉትን ሰው ከሥራ አስወግደናል ማለት ከንቱ ትእዛዝ ነው ተባለ። በአገልግሎት ላይ የሌለን ሰው ከአገልግሎት ማባረር አይቻልም፤ ነገሩ ግልጽ ይመስላል፣ ሆኖም ይህን ለማስባል እስከ ለንደን መሄድ አስፈለገ። በዚያው ፍርድ የተነሣው ሌላው ነጥብ የሥልጣን ነው። የሕንድ አስተዳደር ሕግ አንድን ሠራተኛ ከሾመው ባለሥልጣን በማዕረግ የሚያንስ አካል እንዳያሰናብተው ይከለክል ነበር፤ መንግሥት ይህን ሥልጣን በደንብ ወደ ታች አውርጃለሁ ሲል፣ በሕጉ ራሱ የተሰጠን ጥበቃ በደንብ ማጥፋት አይቻልም ተባለ።

ሁለተኛው የበለጠ የታወቀው በማላያ (በዛሬዋ ማሌዥያ) የፖሊስ ኢንስፔክተር የነበረው የካንዳ ጉዳይ ነው። ማላያ ነፃ የወጣችው በነሐሴ 1957 መጨረሻ ነው፤ ካንዳ የተባረረው በ1958 ነው። ስለዚህ በጥብቅ ከተነገረ የቅኝ ግዛት ፖሊስ ሆኖ ተቀጥሮ የነፃ አገር ፖሊስ ሆኖ የተባረረ ሰው ነው፤ ጉዳዩን ያዳነውም ይኸው መሸጋገሪያ ነው። ያባረረው ኮሚሽነሩ ነበር፤ ኮሚሽነሩ በቀድሞው አሠራር ይህን ማድረግ ይችል ነበር። አዲሱ ሕገ መንግሥት ግን የመሾሙን ሥልጣን ለፖሊስ አገልግሎት ኮሚሽን ሰጥቷል፤ የመሾም ሥልጣን ካለው አካል በታች የሆነ ባለሥልጣን ማሰናበት እንደማይችልም በአንቀጽ 135 ደንግጓል። የቢሮው ልማድ ሲቀጥል ሕጉ ተለውጦ ነበር። አዲስ ነፃ በወጡ አገሮች በተባረሩ መኮንኖች ፋይል ውስጥ መጀመሪያ መፈለግ ያለበት ስህተት ይህ ነው።

የበለጠ የተጠቀሰው ግን ሁለተኛው ምክንያት ነው። ክሱን የሰማው መኮንን አስቀድሞ በእጁ የገባ የመርማሪ ቦርድ ሪፖርት ነበረው፤ ሪፖርቱ ካንዳን ክፉኛ የሚወቅስ ነው። ካንዳ ግን አልተሰጠውም፤ ያገኘው ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ በኋላ ነው። በ1962 በፕሪቪ ካውንስል ዳኛው ሎርድ ዴኒንግ በጻፉት ፍርድ፣ የመሰማት መብት ዋጋ ያለው መብት እንዲሆን ተከሳሹ የቀረበበትን ነገር የማወቅ መብት አብሮት መኖር አለበት አሉ። ቀጥለው ደግሞ ጠበቆች የሚወዱትን ተናገሩ፤ የተደበቀው ሰነድ ዳኛውን በእርግጥ አሳስቶታል ወይ ብሎ ፍርድ ቤት አይመረምርም፣ ሊያሳስት ይችል የነበረ መሆኑ ይበቃል። ሪፖርቱ ውሳኔውን መለወጡን እንዲያስረዳ ቢጠየቅ ኖሮ ካንዳ ከየት ያመጣው ነበር?

ከቅኝ ግዛት ውጭ ቢሆንም የብራይተን ከተማ ፖሊስ አዛዥ የነበሩትን የሪጅን ጉዳይ ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። በ1958 በወንጀል ተከስሰው ነፃ ወጡ። ዳኛው ግን ስለ አመራራቸው የወቀሳ ቃል ተናግረው ስለነበር፣ የከተማው የፖሊስ ኮሚቴ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሳይጠራቸው አሰናበታቸው። ሪጅ ወደ ሥራዬ መልሱኝ አላሉም፤ የፈለጉት ለቅቀው ጡረታቸውን ማግኘት ነበር። በ1963 ያኔ የእንግሊዝ የመጨረሻ ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ሳይሰሙ መባረራቸው ስንብቱን ዋጋ ቢስ ያደርገዋል ብሎ ፈረደላቸው። የክርክሩ አሠራር ጡረታን ለማዳን ስንብትን ማፍረስ ነው ስንል ከዚህ የጠራ ምሳሌ የለንም።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ስንብት ፈረሰ ማለት ያለፈው ደመወዝ ሁሉ ይከፈላል ማለት አልነበረም። በ1948 የሕንድ ሲቪል ሰርቪስ ባልደረባ የነበረው ላል በፕሪቪ ካውንስል ስንብቱን አስፈርሶ ውዝፍ ደመወዙን ግን አላገኘም።

ጥያቄ፦ ጡረታው አንዴ መከፈል ከጀመረ በኋላ ሊቋረጥ ይችላል?

መልስ፦ ይችላል። ባለጡረታው በኪሳራ ከተፈረደበት ወይም እስራት ከተፈረደበት አዋጆቹ ክፍያውን የማቆም መንገድ አላቸው። እንዲህ ሲሆን አገረ ገዥው ገንዘቡን ለሚስትና ለልጆች ማዋል ይችላል። በሌላ በኩል ጡረታ ለሌላ ሰው ሊተላለፍ ወይም ለአበዳሪ መያዣ ሊሰጥ አይችልም፤ በሕንዱ የ1871 ሕግም በፍርድ ባለዕዳነት ሊያዝ አይችልም።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለ የአቤቱታ ፋይል ማንበብ የሚፈልግ ተመራማሪ ከየት ይጀምር?

መልስ፦ በለንደን ምዕራባዊ ክፍል በኪው ካለው የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት። የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ሰነዶች «ሲ.ኦ.» በሚል ምልክት በየአገሩ ተከፍለዋል፤ ኬንያ 533፣ ጎልድ ኮስት 96፣ ናይጄሪያ 583፣ ሆንግ ኮንግ 129፣ የማላካ ወሽመጥ ሰፈሮች 273፣ ፍልስጤም 733 ናቸው። የሕንድ ፖሊስ እዚህ አይገኝም፤ የሕንድ ጽሕፈት ቤት መዛግብት ያሉት በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው።

በሰውየው ስም ብቻ ፈልጎ ማጣት ተስፋ አያስቆርጥ። ብዙ አቤቱታ የሚገኘው የአገረ ገዥው መሸኛ ደብዳቤ በተጻፈበት ቀን ሥር ታስሮ ነው፤ ስለዚህ የስንብቱን ቀን ይያዙና ከዚያ በኋላ ያሉትን የአንድ ሁለት ዓመት የደብዳቤ መመዝገቢያዎች ያገላብጡ። መዝገቡ ላይ ስሙ ተገኝቶ በጎኑ «በሕግ መሠረት ተወግዷል» የሚል ማኅተም ካለበት ፋይሉ ተቃጥሏል ወይም ተቀድዷል፤ ሌላ ሳጥን ውስጥ መፈለግ ድካም ነው። የግል ጉዳይ የያዙ ፋይሎች ለረጅም ዓመታት ዝግ ስለሚሆኑ ከመጓዝ በፊት ክፍት መሆኑን በማውጫው ላይ ማረጋገጥ ይገባል።

የተገኘ ፋይል ሲነበብ ከአቤቱታው ይልቅ ጸሐፊዎቹ እርስ በርስ የተጻጻፉበት የፊት ገጽ ይቅደም። አመልካቹ ያላየው፣ የጡረታው ዕድል የተቆረጠበት ምክንያት በሁለትና በሦስት መስመር የሚገኘው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ቅኝ ግዛቱ ነፃ ሲወጣ የተከለከለው ጡረታስ? ልጆቹ ሊጠይቁ ይችላሉ?

መልስ፦ ብሪታንያ በ1973 ባወጣችው የባሕር ማዶ ጡረታ ሕግ የቀድሞ ቅኝ ግዛቶች ይከፍሉት የነበረውን የብሪታንያውያን መኮንኖች ጡረታ ኃላፊነት ለመውሰድ የሚያስችል መሠረት ጥላለች። የተወሰደው ግን የሚከፈል የነበረው ጡረታ ነው። በስንብት የጠፋው መጀመሪያውኑ በዝርዝሩ ላይ ስላልነበረ አብሮ አልተሻገረም። ጡረታው የሰውየው የግል ስለሆነም ስንብቱ በሕይወቱ ሳለ ካልፈረሰ ለልጆች የሚወረስ ነገር አልተረፈም፤ ለባልቴትና ለሙት ልጆች የተዋጣው ሒሳብ ግን በራሱ አዋጅ የሚታይ ስለሆነ ስሙ በዚያ መዝገብ መኖሩን ለየብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል።